ቁሚልኝ

ሄራን ቋጠሮውን ያገኘችው ረቡዕ ጠዋት ገላዋን ስትታጠብ ነው። በቀኝ እጇ የግራ ጡቷን ሳሙና ስትቀባ የመሐል ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጣቱ ራሱ ቆመ እንጂ እሷ አላቆመችውም። ውሃውን ዘጋች። እጇን አነሳችና ከብብቷ ሥር እንደገና ጀመረች፤ በሦስት ጣት፣ ቀስ ብላ፣ ሳትጫን። ጣቷ እዚያው ቦታ ሲደርስ ደግሞ ቆመ።

የሽምብራ ፍሬ ያህል ነበር። አያምም። ሲገፉት አይሸሽም።

ለብሳ ስትወጣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው አምባር እንደ ዘወትሩ ሰላምታ ሰጣት። ድምፁ የወጣት ሴት ነው። አገሩን ሁሉ በየማለዳው የሚያነጋግረው ይኸው አንድ ድምፅ ነው።

"እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሄራን። ጡትዎ ንጹሕ ነው። ሰባ አንደኛ ወር። መልካም ቀን ይሁንልዎ።"

"አሜን" አለች ሄራን፤ ልማድ ነው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰባ አንዱም ወር የሌላ ሰው እንደሆነ ታውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየወሩ በአምስተኛው ቀን ከአርባ ዓመት በላይ የሆኑ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ወደተተከለችው ጠባብ ነጭ ክፍል ይገባሉ። መንግሥት ያወጣላት ረጅም ስም አላት፤ ሰፈሩ ግን ጓዳ ይላታል። ሴትዮዋ ትገባለች፤ ከወገቧ በላይ ልብሷን ታወልቃለች፤ አምባሯን ግድግዳው ላይ ታስነካለች፤ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ እስከ አሥራ ሁለት ትቆጥራለች። የሚነካት የለም፣ የሚጠይቃትም የለም። አረንጓዴ መብራት ሲበራ አምባሯም አረንጓዴ ይሆናል፣ ለብሳ ትወጣለች፤ የሚያጠራጥር ነገር ከተገኘ ቢጫ ይሆናል።

ጓዳዋ የመጣች ዓመት የሄራን እናት ወድቀው አልጋ ላይ ዋሉ። ሄራን ከአጠገባቸው መለየት አልቻለችም። የጎን ጎረቤቷ ኢክራም በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ "አምባርሽን አምጪው፣ እኔ እቆምልሻለሁ" አለቻት። ይህ ለሰፈሩ እንግዳ ነገር አልነበረም። በቀበሌ ስብሰባ አንዱ ለሌላው ይፈርማል። በሰልፍ ላይ ላልመጣ ሰው ድንጋይ ይቀመጥለታል። ለቅሶ ቤት "እሷም አለች፣ ልጇን አሟት ነው" ይባላል። ቁሚልኝ ያለችን ሴት እምቢ ማለት ነውር ነው። ኢክራም የመጀመሪያውን ወር ቆመች፤ ሁለተኛውንም ቆመች። ጓዳዋ ሰውን ከራሱ ካለፈው ወር ጋር እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አታስተያይም። የሄራን እናት ከወደቁ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ባለፈው ጥር ዐረፉ። ከዚያም በኋላ ቢሆን በወሩ በአራተኛው ቀን ኢክራም በአጥሩ ላይ እጇን ትዘረጋለች፣ ሄራንም አምባሩን ትሰጣታለች። ለምን እንደሆነ ሁለቱም አልጠየቁም።

አሁን ማሽኑ ንጹሕ ነሽ ይላታል፤ ጣቷ አይደለሽም ይላታል። ሄራን ጣቷን ታምነዋለች።

ከሃያ ዓመቷ እስከ አርባ ዓመቷ ድረስ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በአንዱ ጨርቅ መርማሪ ነበረች። የምርመራው አዳራሽ በስተምሥራቅ ትልልቅ መስኮቶች ነበሩት። ሃያ አራት ሴቶች ዘንበል ባሉ ጠረጴዛዎች ፊት ይቆማሉ፤ ከማሽን የወጣው አቡጀዲ በመዳፋቸው ሥር ሲያልፍ ይውላል። እድፍና ቀዳዳ ዓይን ያየዋል፤ የክር ቋጠሮን ግን የሚያገኘው እጅ ነው። "አትፈልጉት፣ እሱ ራሱ ይመጣላችኋል" ትላቸው ነበር አለቃቸው። ስለዚህ አይፈልጉትም፤ ስለ ሠርግ ያወራሉ፣ ባሎቻቸውን ያማሉ፣ ስለ ሐይቅ ዓሣ ይከራከራሉ። በወሬው መሐል የአንዷ እጅ ይቆማል፤ ወሬው አይቆምም። በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፣ ጨርቁ ይቀጥላል። የጠዋት ፀሐይ ስትገባ ከጨርቁ የሚነሳው ብናኝ በሴቶቹ ፀጉር ላይ ያርፍ ነበር፤ ወደ ቤት ሲሄዱ ሁሉም የሸበቱ ይመስላሉ። በበጋ መዳፋቸውን በቫዝሊን ያሹታል፤ የሻከረ እጅ አይሰማም ይባል ነበር።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ጠረጴዛዎቹ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ዘንግ ተገጠመ። ሃያ አራቱም በአንድ ዓርብ ተሰናበቱ። ለሽኝት ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥቅል አቡጀዲ ተሰጣቸው፤ በዘንጉ የተመረመረ። ሄራን ቤቷ ወስዳ እጇን ስታሳልፍበት ሦስት ቋጠሮ አገኘች። የምትነግረው ሰው ግን አልነበረም።

በዚያው ረቡዕ ባጃጅ ጠርታ ወደ ቀበሌ ሄደች። ባጃጆቹ ሹፌር ካጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። "እዚህ ጋ አውርደኝ ወንድሜ" አለችው ባዶውን ወንበር። የሷ ዕድሜ ሴቶች ሁሉ እንዲህ ይላሉ፤ ባጃጁም ይቆማል።

ጓዳዋ ቀዝቃዛ ነበረች። ሄራን ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ስለሆነ እጇን እስከ ምን ድረስ እንደምታነሳ አላወቀችም። አሥራ ሁለት ስትደርስ መብራቱ አልበራም።

"ሰውነትዎ ከመዝገብዎ ጋር አልገጠመም" አለ ድምፁ። "እባክዎ የራስዎን አምባር ይዘው ይምጡ።"

"የራሴ ነው" አለች ሄራን። እጇን ከፊተኛው ከፍ አድርጋ እንደገና ቆጠረች።

"ሰውነትዎ ከመዝገብዎ ጋር አልገጠመም። ለሦስተኛ ጊዜ ካልገጠመ አምባርዎ ይዘጋል።"

ለብሳ ወጣች። ከዚያ በእግሯ ወደ ጤና ጣቢያው አዘገመች።

የጤና ጣቢያው በር ራሱ የሚከፈትና ራሱ የሚዘጋ ነው። ከጎኑ ግን ዘበኛ ተቀምጧል። ዘበኛው ይማም ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ በሩን ሰዎች እየተሳደቡ በድንጋይ ስለሚመቱት የተቀመጠ ነው ይባላል።

"በሩ በቢጫ አምባር ነው የሚከፈተው፣ እህቴ" አላት። "ያንቺ አረንጓዴ ነው።"

"ጡቴ ላይ እብጠት አለ እያልኩህ ነው።"

"ማን አለ?"

"እጄ።"

ይማም ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። "እጅሽን እኔ አምናለሁ። በሩን ማን ያሳምነዋል? ሰው ቢጫ ሆንኩ ብሎ ያለቅሳል፣ አንቺ አረንጓዴ ሆንኩ ብለሽ ታለቅሻለሽ።"

"አላለቀስኩም።"

"ጥሩ። እንግዲያው ቀበሌ ተመለሺና መዝገብ እርማት ክፍል ግቢ። እዚያ ማን እንደቆመልሽ ይጠይቁሻል።"

ሄራን አምባሩን በእጇ ሸፈነችው።

"አረንጓዴ ሆኖ እብጠት ያለበት ሰው ምክንያቱ አንድ ነው" አለ ይማም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስሟን ትሰጫለሽ። የሷ አምባር ለአንድ ዓመት ይዘጋል፤ ያንቺ ቢጫ ይሆናል። ቢጫ ስትሆኚ በሩ ይከፈትልሻል። ሕጉ ይኸው ነው።"

አምባሩ የተዘጋበት ሰው መድኃኒት ቤት አይገባም። ኢክራም ደግሞ አስም አለባት፤ በየወሩ ሁለት የሚነፋ መድኃኒት የምታወጣው በአምባሯ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኢክራም በአጥሩ በዚያ በኩል ልብስ ታሰጣ ነበር። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ስትስቅ የሚያፍናት ሴት።

"ኢኩ።"

"ወዬ፣ እት ሄራን።"

"ጡቴ ላይ ነገር አገኘሁ።"

ኢክራም በእጇ ያለውን አንሶላ ገመዱ ላይ ሳትዘረጋው ተወችው። "ምን ዓይነት ነገር?"

"ቋጠሮ። ጓዳዋ ገብቼ ነበር፤ አላወቀችኝም። አንቺን ነው የምታውቀው።"

"ያ አላህ" አለች ኢክራም። ቀጥላ ልትቀልድ ሞከረች። "እኔማ ንጹሕ ነኝ። የኔን ያህል ንጹሕ ሰው አለ? በወር ስንቴ..." አቋረጠችው። "ታዲያ እርማት ክፍል ሂጂያ።"

"ማን ቆመልሽ ይላሉ።"

"ስሜን ስጪያቸዋ" አለች ኢክራም። ይህን ስትል እጇ ሳታዝዘው መድኃኒቷ ወዳለበት ኪስ ገባ። ሄራን አየቻት።

"አልሰጥም።"

"አብደሻል እንዴ?"

"እናቴን ስድስት ዓመት በእጄ ያጠብኳት አንቺ ስለቆምሽልኝ ነው። አልሰጥም አልኩሽ።"

ኢክራም አጥሩን ይዛ ቆመች። ጉሮሮዋ ያፏጭ ጀመር። "ሁለት ቀን ስጪኝ" አለች በመጨረሻ። "እኔም ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አሁን ግን አልችልም።"

በማግስቱ ሄራን ወደ ሲስተር ደብሪቱ ወጣች። ሲስተር ደብሪቱ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከአቀበቱ አናት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከአራት ዶሮዎች ጋር ይኖራሉ። በእጅ የሚደረግ ምርመራ የቀረ ዕለት የሥራ ፈቃዳቸው አብሮ ተዘግቷል። ሄራን የምታውቃቸው ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ነው። ያኔ እናቷ ጡታቸው ላይ እብጠት አግኝተው አብራቸው ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር።

ያ ቀን እስከ ዛሬ ከነሽታው ትዝ ይላታል። ኮሪደሩ በረኪና ይሸታል። ከግድግዳው ጥግ እስከ ጥግ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጥበታል። አራት ሰዓት ጠበቁ። ሁሉም ሰው ያማርር ነበር፤ ስለ ወረፋው፣ ስለ ዶክተሩ መዘግየት፣ በዘመድ ስለሚገባው ሰው። አንዲት የማያውቋት ሴት ከቆሎዋ ለእናቷ ዘገነችላቸው። ተራቸው ሲደርስ አበባ ያለው መጋረጃ ተጋረደ። ሲስተር ደብሪቱ "ይቅርታ እናቴ፣ እጄ በረዶ ነው" ብለው ሁለቱንም መዳፋቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ጠበቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስለዚያ ዓመት ዝናብ እያወሩ፣ ጣታቸው በእናቷ ጡት ላይ ዞረ። ሄራን ፋብሪካ ስትገባ የአለቃዋን ትምህርት ወዲያው የተረዳችው ያንን ስላየች ነው። ውጤቱ በመጣ ቀን ዶክተሩ ከክፍሉ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ከእናቷ ጎን ተቀመጠና "እናቴ፣ ክፉ አይደለም" አላቸው። እናቷ ትከሻውን ሳሙት።

ያኔ ማንም ያንን አግዳሚ የሚወደው አልነበረም። አሁን ሄራን ትናፍቀዋለች።

ሲስተር ደብሪቱ በሩን ከፍተው ትንሽ አዩዋት። ዓይናቸው ደክሟል። "የማን ልጅ ነሽ?" አሉ። ስትነግራቸው "ኧረ፣ ያቺ ቆሎ የተሰጣት ሴትዮ ልጅ" አሉና ሄራንን አስደነገጧት። ከዚያ የመጣችበትን ሰሙ። ዶሮዎቹን አስወጥተው መዝጊያውን ገርበብ አደረጉ። አልጋው ላይ አስተኟት። መዳፋቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ቆሙ።

"ዘንድሮ በልግ ጥሩ ነበር" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው።

"ጥሩ ነበር" አለች ሄራን። ከእናቷ ሞት ወዲህ ሰው ሲነካት ይህ የመጀመሪያው ነው። ጣሪያውን እያየች እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ፤ ሲስተር ደብሪቱ አላዩም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

ጣታቸው ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ብብቷን ዳሰሱ። "ተነሺ እስቲ። እጅሽን ወደ ላይ" አሉና ጎንበስ ብለው በቅርበት አዩ። "አየሽ፣ ቆዳው እዚህ ጋ ገባ ይላል።"

"ክፉ ነው?"

"መርፌ ካልነካው ማንም አያውቅም። እጅ ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም። እኔ ከጠረጠርኳቸው ብዙዎቹ ምንም አልነበሩም፤ እናትሽ አንዷ ናቸው። ይኼ ግን ደረቅ ነው፣ ጠርዙም አያምርም። ቆይና እናያለን አልልሽም። በዚህ ሳምንት መነካት አለበት።"

"መላኪያ ይጻፉልኛ።"

"ልጄ፣ ማን ሊያነበው? እስክሪብቶውም ደርቋል።"

ሄራን እየለበሰች ስለ ኢክራም ነገረቻቸው፤ ስለ አስሟም ጭምር። ስሟን እንደማትሰጥም ነገረቻቸው። ሲስተር ደብሪቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አዳመጡ።

"ጠይቀሻታል?"

"ስጪ ብላኛለች። አፏ ነው ያለው።"

"አፏን ተይና እሷን ጠይቂያት። ስድስት ዓመት እሷ ላንቺ ቆመች፤ አሁን ደግሞ አንቺ ለሷ ቆመሽ ልትወስኚላት ነው። እንዲህ እየተቋቋምን ነው እዚህ የደረስነው።"

ሄራን ግን ዓርብ ጠዋት ሳትጠይቃት ወደ እርማት ክፍል ሄደች። ስሙን ሳትሰጥ የሚሆን መንገድ ሊኖር ይችላል ብላ አስባለች።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሠራተኛ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ማራናታ ትባላለች። ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ በመስተዋት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። "ለአምስት ተከታታይ ዓመታት አንድም የጡት ሕመም ላልተገኘበት የፋብሪካ ሰፈር" ይላል፤ ከሥሩ የወርቅ ቀለም ያለው ማኅተም አለ።

"ማን ቆመልዎት?" አለች ማራናታ።

"አላውቃትም።"

"ሰባ አንድ ወር የማያውቁት ሰው ቆመልዎት?"

"ደግ ሰው ይሆናላ።"

ማራናታ ፈገግ ላለማለት ታገለች። "እማማ፣ እኔ ልጎዳዎት አይደለም። ይህ መስመር ካልሞላ ቅጹ ወደፊት አይሄድም። ቅጹ ካልሄደ ቢጫ አይሆኑም።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

"ባይኖር ነው እንጂ ብነግርዎት ደስ ይለኝ ነበር።"

ሄራን ቦርሳዋን አነሳች። መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሽምብራ የምታህለዋ ነገር በልብሷ ሥር እንዳለች ታስባለች። የኢክራም ስም ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው።

በሩ ተከፈተ። ኢክራም ደረጃውን ስለወጣች ታለከልካለች። እጇ ላይ ከአሮጌ ሻሽ የተሰፋ ከረጢት አለ። ማንንም ሳትሰላም ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። አሥር አምባሮች ተንከባለሉ።

"እኔ ነኝ የቆምኩት" አለች። "ለሷም፣ ለእነዚህም። ሁለት ቀን ዞሬ ከየቤታቸው ሰበሰብኳቸው።"

ለመልስ ጊዜ አልነበረም። አምባሮቹ ተነቃንቀው ስለነበር አንድ በአንድ ሰላምታ ጀመሩ። "እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሶልያና። ጡትዎ ንጹሕ ነው።" "እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሂክማ። ጡትዎ ንጹሕ ነው።" "እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ፌቨን..." ያ አንድ ድምፅ በራሱ ላይ እየተደራረበ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየተነሳ፣ አሥሩም ንጹሕ መሆናቸውን ተናገረ፤ ለአሥሩም መልካም ቀን ተመኘ።

"አሥራ አንድ ሴት?" አለች ማራናታ።

"ከኔ ጋር አሥራ ሁለት። አንዷ ፈረቃ ትሠራለች። አንዷ እግሯ አይሄድም። የሂክማ ባል ሚስቱ እዚያ ገብታ እንድትራቆት አይወድም። ፌቨን ታፍራለች። ሁሉም ቁሚልኝ አሉኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል?" ኢክራም ወንበር ሳይሰጣት ተቀመጠች። "መጀመሪያ ደግነት መሰለኝ፤ ወላሂ። ከሦስተኛው ዓመት ወዲህ ግን ሌሊት እየነቃሁ አንዷ ብትታመምስ እላለሁ። ለማን ልናገር? ከተናገርኩ አሥራ አንዱንም አጋለጥኩ። ረቡዕ እት ሄራን በአጥሩ ላይ ስትነግረኝ፣ በቃ፣ መጣ አልኩ።"

ማራናታ ቀስ ብላ ዞራ ግድግዳውን አየች። "ታዲያ ይህ ምስክር ወረቀት..."

"የኔ ጡት ነው" አለች ኢክራም።

ሄራን ሳቀች። መሳቅ አልፈለገችም ነበር፤ አመለጣት። ኢክራምም ሳቀችና አፈናት፤ መድኃኒቷን አውጥታ ሁለቴ ነፋች። ማራናታ አልሳቀችም። የአሥራ ሁለቱን መዝገብ አንድ በአንድ ሰረዘች። ሄራንን ቢጫ አደረገቻት። አሥሩ ሴቶች በሰኔ አምስት ራሳቸው እንዲቆሙ ትእዛዝ ወጣ። በመጨረሻ ለኢክራም "አምባርዎን" አለቻት፤ ዓይኗን ሳታነሳ።

"አብሽሪ ልጄ" አለች ኢክራም፣ አውልቃ እየሰጠቻት። "ሥራሽ ነው።"

ኢክራም ለአንድ ዓመት መድኃኒት ቤት መግባት ተከለከለች። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ወይዘሮ ሶልያናም አስም አለባት፤ በወር ሁለት የሚነፋ መድኃኒት ይሰጣታል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አንዱን በአጥሩ ላይ ለኢክራም ታቀብላታለች። ይህ በሕጉ ፊት ከመጀመሪያው ጥፋት የሚለይ አይደለም። በሰፈሩ ግን እንደ ጥፋት የቆጠረው የለም።

የጤና ጣቢያው በር ለሄራን ተከፈተላት። ይማም ተነስቶ ቆመ። ኮሪደሩ ያው የድሮው ኮሪደር ነው፤ አግዳሚው የለም። የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ተነስቷል፤ ግድግዳው ላይ ግን የሰው ጀርባ ለዓመታት የተደገፈው ቦታ በረጅሙ ጠቁሮ ቀርቷል። ግቢ ወደተባለችበት ክፍል ገብታ ተኛች። ክንድ ያለው መሣሪያ "ትንሽ ይቆነጥጥዎታል" ብሎ ነገራትና ቆነጠጣት። ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ከይማም በስተቀር ሰው አላየችም።

ውጤቱ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ሄራን አምባሩን በእጇ ይዛ አቀበቱን ወጣች፤ ኢክራም በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ሥር እየቆመች ተከተለቻት። ሲስተር ደብሪቱ ወንበር ላይ፣ ሁለቱ አልጋው ላይ ተቀመጡ። አምባሩ መሐላቸው ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ዶሮዎቹ በር ላይ ይጭራሉ።

"እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሄራን። የጡት ካንሰር ተገኝቷል። ሁለተኛ ደረጃ። ቀዶ ሕክምናዎ ሰኞ ሰኔ ዘጠኝ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ደሴ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።"

"አሜን" አለች ሄራን።

ሲስተር ደብሪቱ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ጉልበታቸውን እየያዙ መጥተው አልጋው ላይ ከሄራን ጎን ተቀመጡ፣ ትከሻቸው ትከሻዋን ነካ። "እንዲህ ነበር የሚነገረው" አሉ። "ተቀምጦ። አሁን እኔ ልንገርሽ። ካንሰር ነው። ሁለተኛ ማለት ግን ገና ሩቅ ያልሄደ ማለት ነው፤ በኔ ጊዜ እንኳ ብዙዎቹ ይድኑ ነበር። ከባድ ወራት አሉብሽ። ዓመት ቆይተሽ ብትመጪ ሌላ ቁጥር ነበር የምንሰማው።"

"ጡቴ ይወጣል?"

"ሊወጣ ይችላል።"

ሄራን አሰበች። "ኢኩ ሁለት አላት" አለች።

ኢክራም የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ ሄራን ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት።

ሰኔ አምስት ሐሙስ ዋለ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ከብዷል። አሥሩ ሴቶች በቀበሌው ግቢ ተሰልፈዋል፤ እግሯ የማይሄደው በልጇ ጀርባ መጥታለች፤ የሂክማ ባል ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ከበሩ ውጪ ቆሟል። ከስድስት ዓመት ወዲህ እንዲህ ዓይነት ሰልፍ በዚያ ግቢ አልታየም። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ያወሩ ጀመር፤ ስለ ወረፋው አማረሩ፤ አንዷ ቆሎ አወጣች። ሄራን የሁሉንም ነጠላና ሻርፕ በክንዷ ይዛ ከደጁ ቆማለች። ኢክራም ጓዳዋ መግባት ስለተከለከለች የግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታዛለች።

"እጅ እስከ ጆሮ አይደለም፣ እስከ ጣሪያ። ቀስ ብለሽ ቁጠሪ፣ ከቸኮልሽ እንደገና ያስቆምሻል። አትሳቂ፣ ሶልያና። ስድስት ዓመት ሠርቼዋለሁ፣ ጡረታዬን ስጡኝ።"

ስምንቱ ገብተው አረንጓዴ ሆነው ወጡ። ዘጠነኛዋ ፌቨን ነበረች፤ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሰፈሩ ድምፅዋን የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። ከሌሎቹ ይልቅ ቆየች። ስትወጣ የሹራቧ ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፏል።

"ቢጫ አለኝ" አለች።

ኢክራም ከድንጋዩ ተነሳች።

ፌቨን ግን ወደ ሄራን ብቻ ነበር የምታየው። "የት እንደሆነ አልነገረኝም። እኔ ሳየው ምንም የለም። አንቺ ታውቂያለሽ አሉ። ንኪልኝ።"

"እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እህቴ። ነገ በሩ ይከፈትልሻል፤ መርፌው ነው የሚያውቀው።"

"ነገ እሄዳለሁ። እስከ ነገ ግን ምን እንደያዝኩ ሳላውቅ እንዴት እውላለሁ?"

ሄራን ነጠላዎቹን ለኢክራም ሰጠቻት። ከጓዳዋ ጎን የቀበሌው አሮጌ ዕቃ ቤት አለ፤ ሁለቱ ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት። ወንበር ተደራርቧል፣ የድሮ የስብሰባ ባነር ተጠቅልሏል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መጣል ጀመረ። ፌቨን ቁልፎቿን ፈታችና ዓይኗን ወደ ግድግዳው አደረገች። ከውጭ ኢክራም ለመጨረሻዋ ሴት ጮክ ብላ ስትቆጥርላት ይሰማል።

"ቆይ" አለች ሄራን፣ ሁለቱንም መዳፏን ብብቷ ውስጥ ከታ። "እጄ ይሙቅ።"